የበጎቼን ፀጉር ሸልቼ ልፈትል ተነሣሁ፤ የመጀመሪያው ግን ድንጋይ ሆነብኝ

ሲናን_ደጋ | ኅዳር 9

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ከረቡዕ ገበያ ወደ ጮቄ ተራራ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ ገብስና ድንች በሚበቅልበት ደጋ ነው። ዐሥራ አንድ በጎች አሉኝ። እንደ አገሬው ሁሉ እኔም የማረባው ለበዓል ገበያ ነው፤ ፀጉሩን ከቁም ነገር የሚቆጥረው የለም። በጉ ሲታረድ ቆዳው ወይ አጎዛ ይሆናል፣ ወይ ለነጋዴ ይሸጣል፣ በቃ።

ባለፈው ክረምት የአያቴን ሣጥን ስንከፍት አንድ ጥቁር በርኖስ ወጣ። የአያቴ አባት የለበሱት ነው ይባላል። አንገቱ ላይ ብል ጥቂት በላው እንጂ ዛሬም ዝናብ አያሳልፍም። በካፊያ ለብሼው ገበያ ደርሼ ተመለስኩ፤ ትከሻዬ ደረቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ በጎቼን ባየሁ ቁጥር እናደዳለሁ። እነርሱ ብርድ ልብስ በጀርባቸው ተሸክመው ይዞራሉ፤ እኔ ከሱቅ የናይለን ብርድ ልብስ እገዛለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዷን ነጭ በግ በልብስ ሰፊ መቀስ ሸለትኳት። ፀጉሩን በፈላ ውኃና በዱቄት ሳሙና ዘፍዝፌ፣ ልክ እንደ ጋቢ አሽቼ አጠብኩት። ደርቆ ሳየው የተጋገረ ነገር ሆኗል። በእጅ አይፈታም፤ የሚቆረጠው በቢላዋ ነው። እናቴ አገላብጣ አየችና «ለበር ማስደገፊያ አድርገው» አለችኝ። በጓም ማታ ማታ ስለምትንቀጠቀጥ ጆንያ ቀድጄ አልብሻት ከቤት አሳድራታለሁ። ባለቤቴ ስለዚህ ጉዳይ የምትለውን እዚህ አልጽፈውም።

እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ። ፀጉሩ ለምን እንዲህ ሆነ? በየትኛው ወር ነው የሚሸለተው? የእናቴ የጥጥ እንዝርት ለዚህ ይሆናል? በጎጃም ይህን ሥራ ዛሬም የሚሠራ ሰው አለ?

ባለዋሸራ | ኅዳር 9

ወንድሜ፣ ከጎጃም በግ ፀጉር መፈለግ ከዶሮ ወተት መጠበቅ ነው። የእኛ አገር በግ ዋሸራ ነው። ፀጉሩ አጭርና ልሙጥ፣ ሰውነቱ ትልቅ፣ አብዛኛው ቀይ፣ እናቲቱ መንታ የምትወልድ። ሥጋ ይፈልጋሉ? አለ። ቆዳ ይፈልጋሉ? እንዲህ ያለው አጭር ፀጉር በግ ቆዳው ስስና ጠንካራ ስለሆነ ውጭ አገር የእጅ ጓንት ይሠራበታል። ፀጉር ግን የለውም። ጀርባው ላይ መቀስ ብታሳርፍ የምታገኘው አንድ እፍኝ ብናኝ ነው።

የአንተ በጎች ከላይ ከደጋው ስለሆኑ ትንሽ ፀጉር ይኖራቸው ይሆናል። ቢሆንም ጊዜህን በገብስህ ላይ ብታውለው ይሻልሃል።

ደቀ_መዝሙር | ኅዳር 9

ስለ ዋሸራ ካነሣችሁ አይቀር፣ ቦታውን እኛ የምናውቀው በቅኔው ነው። ሰሙ በግ ነው፤ ወርቁን እናንተ ፈልጉት። ደበሎ ለብሼ ቆሎ ስለምን በኖርኩባቸው ዓመታት የደጋ ቁር የተቋቋምኩት በበግ ፀጉር ነውና ለጠያቂው አደላለሁ። ጌዴዎንም ምልክት ሲለምን አውድማ ላይ ያነጠፈው የበግ ፀምር ነው። ጠል ወረደበት፤ ጨመቀው፤ አንድ ቆሬ ሙሉ ውኃ ወጣው። አንተ ደግሞ የፈላ ውኃ አፈሰስክበት፤ የወጣልህ ድንጋይ ነው።

እንዝርት_በእጄ | ኅዳር 10

ልጄ፣ አትዘን። ፀጉሩ አልጠፋም፣ ሌላ ነገር ሆነ እንጂ።

የበግ ፀጉር እንደ ጥጥ ልሙጥ አይደለም። እያንዳንዷ ዘለላ በዓይን የማይታይ፣ የዓሣን የሚመስል ቅርፊት አላት። ሙቀትና ሳሙና ቅርፊቱን ይከፍቱታል፤ ማሸት አንዷን ዘለላ ከሌላዋ ያቆላልፋታል። አንዴ ከተቆላለፈ የሚፈታው የለም። አንተ የፈላ ውኃውንም፣ ሳሙናውንም፣ ማሸቱንም ባንድ ጊዜ ሰጠኸው። የቅድመ አያትህ በርኖስ ዝናብ የማያሳልፈው በዚሁ ምክንያት ነው። እነርሱ ግን መጀመሪያ ፈተሉ፣ አሸመኑ፣ ኋላ ነው ጨርቁን በሙቅ ውኃ በእግራቸው የረገጡት። አንተ ከመጨረሻው ጀመርክ።

ለወደፊቱ እንዲህ አድርግ። ከመታጠቡ በፊት ፀጉሩን መሬት ላይ ዘርጋና ልቀመው። ከሆዱ ሥር የመጣውን፣ ከጭኑ ኋላ ፍግ የተለጠፈበትን፣ ጭጎጎት የሞላበትን አውጥተህ ለድንች ማሳህ ስጠው፤ ሲበሰብስ ጥሩ ማዳበሪያ ነው። የቀረውን አንድ ሌሊት በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፈው፤ ላቡና አፈሩ ይወጣል። ከዚያ እጅ ውስጡ መቆየት የሚያቅተው፣ ግን ያልፈላ ውኃ አዘጋጅ። ቴርሞሜትር ያለው 60 ዲግሪ ይለዋል። ሳሙናውን አስቀድመህ አሟሟ፣ ፀጉሩን ቀስ ብለህ አጥልቅ፣ ከዚያ እጅህን ሰብስብ። ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። ውኃው ሳይቀዘቅዝ አውጣው፤ ከቀዘቀዘ የቀለጠው ስብ ተመልሶ ይለጠፍበታል። የሚለቀለቅበትም ውኃ እንደዚያው ሙቅ ይሁን። አትጠምዝዘው። በሰፌድ ዘርግተህ ጥላ ላይ አድርቀው።

እናትህ አመድ ጨምርበት ብትልህ እሺ አትበል። የአመድ ውኃ ለጥጥ ደግ ነው፤ የበግ ፀጉርን ግን ይበላዋል። የዱቄት ሳሙናም ያደርቀዋል። እንዶድ ካገኘህ ከሁሉም ይሻላል።

እንዝርቱ ይሆናል፤ ግን ቀላል ነው። ክብደት ያለው ክብ እንጨት ብታስገባለት ቀስ ብሎ፣ ረጅም ጊዜ ይሽከረከራል። የበግ ፀጉር እንደ ጥጥ ብዙ ማክረር አይፈልግም። አሁን ደግሞ ጥጥ የለመደ እጅ ሁሉ የሚወድቅበትን ልንገርህ። የጥጥ ዘለላ የአንድ ጣት አንጓ ያህል ስለሆነ ስንፈትል ሁለቱ እጆቻችን ይቀራረባሉ። የበግ ፀጉር ሙሉ ጣት ወይም ከዚያ በላይ ይረዝማል። እጆችህን ካቀራረብክ የአንዷን ዘለላ ሁለት ጫፍ ይዘህ ትጎትታለህ፤ አልሳብ ትልሃለች፤ አንተም እንዝርቱን ትረግማለህ። እጅህን ከዘለላው ርዝመት በላይ አራርቅ። እኔ ይህን የሚነግረኝ አጥቼ ሦስት ቀን ተማርሬበታለሁ።

በጎችህ ፀጉር እስኪያበቅሉ ከአሮጌ አጎዛ ላይ ቆርጠህ ተለማመድ።

የበግ_ሐኪም | ኅዳር 11

እትዬ የእጁን ሥራ ስለጨረሱት እኔ ስለ በጓ ልናገር። ጆንያ ማልበስህ ደግ ነው። በዚህ ወር በጮቄ ሥር መሸለት ግን እንዳይደገም። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ የተሸለተ በግ ሰውነቱን ለማሞቅ ያለውን ስብ ሁሉ ያነዳል፣ መኖ ካነሰው ደግሞ ይወድቃል። ጨምረህ አብላት። ከነፋስ የተከለለ ጉሮኖ ከሌለህ ፀጉሯ እስኪያገግም ከቤት ትደር።

ለአካባቢህ የምመክረው መጋቢት ነው። ውርጩ አልፏል፣ ክረምቱ እስኪገባ ሁለት ወር ከዚያም በላይ የሚሆን ጊዜ ስላለ በጉ ለዝናቡ የሚሆን ፀጉር ያበቅላል። ለመውለድ የተቃረበችውን ተዋት። በዋዜማው ማታ መኖ ከልክል፤ ሆዱ የሞላ በግ ተገልብጦ ሲያዝ ይጨነቃል። ፀጉሩ ፍጹም ደረቅ ይሁን። ስትቆርጥ ፀጉሩን ወደ ላይ አትሳበው፤ ቆዳው አብሮ ይነሣና መቀሱ ይበላዋል። በአንድ እጅህ ቆዳውን ወጥር፣ መቀሱን ለጥ አድርገህ ቆዳው ላይ አስኪድ። ከቆዳው ርቀህ ቆርጠህ የቀረውን ደግመህ ብትቆርጠው አጫጭር ብጥቅጣቂ ይሆናል፤ ፈትሉን የሚያንጓልለው እርሱ ነው። ለምትቆርጠው ቆዳ አዮዲን አጠገብህ ይኑር። መቁረጥህ አይቀርም።

አንድ ነገር ልጨምር። በደጋ በጎች ላይ ቅማልና ቅንቅን የሚያመጣው የቆዳ ችግር በቆዳ ነጋዴዎችና በፋብሪካዎች ዘንድ «እከክ» እየተባለ ስሙ የከፋ ነው። በጉ ሲያክከው ከግንብና ከዛፍ ጋር ይፋተጋል፣ ፀጉሩን በአፉ ይነጫል፣ ቆዳውም ይጎሳቆላል። መሸለት ራሱ የቅንቅኑን መሸሸጊያ ይወስድበታል። መድኃኒት የሚረጨውም ከሽልቱ በኋላ ቢሆን ቆዳውን ያገኘዋል። ስለዚህ ፈትለህ ባትለብሰው እንኳ መሸለትህ አይከፋም።

እንዶዱን በተመለከተ፣ ያጠብክበትን ውኃ ወንዝ ውስጥ እንዳትደፋው፤ ዓሣ ይገድላል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው በእንዶድ ቢልሃርዚያን ስለ መከላከል ያን ሁሉ ምርምር የጀመሩት። ማሳህ ዳር ጉድጓድ ቆፍረህ አፍስሰው።

መንዜ_ነኝ | ኅዳር 13

ጎጃሞች ስለ በግ ፀጉር ስትመካከሩ አንብቤ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ይህን ጥያቄ ወደ መንዝ ብታመጡት በአንድ ሰዓት ያልቅ ነበር። ዝተቱም፣ ባናውም፣ በርኖሱም ከእኛ በግ ጀርባ የሚወርድ ነው። በ1950ዎቹ የብርድ ልብስ ፋብሪካው ደብረ ብርሃን ላይ የተተከለው እንዲያው በአጋጣሚ መሰላችሁ?

ፌዙን ልተው። ሰው ሁሉ እንዝርትና ሳሙና ያወራል፤ ፈትሉ የሚወሰነው ግን መቀስ ከማንሣትህ በፊት በጉ ጀርባ ላይ ነው። በጉን ያዝና ፀጉሩን በሁለት እጅህ ክፈተው፤ መጀመሪያ ትከሻው ላይ፣ ከዚያ ጎኑ ላይ፣ ከዚያ ጭኑ ላይ። የትከሻው ከሁሉ ይለሰልሳል፣ የጭኑ ከሁሉ ይሻክራል። የሦስቱ ልዩነት ትንሽ ከሆነ በጉን አትሽጠው። ከሥር ለስላሳ፣ ከላይ ረጅም ሻካራ ፀጉር ታያለህ፤ የእኛም አገር በግ እንዲሁ ነው። ጠላትህ ሌላ ነው። ነጭ፣ አጭር፣ ደረቅ፣ እንደ ገለባ የሚሰበር ፀጉር ታገኛለህ፤ ቀለም አይቀበልም፣ ከፈትሉ ውስጥ እሾህ መስሎ ይወጣል። እርሱ የበዛበትን በግ ለፋሲካ ስደደው።

ቀጥሎ አንዲት ቁንጮ ነቅለህ ጫፍና ጫፏን ይዘህ ጆሮህ አጠገብ ደንገት አድርገህ ወጥራት። እንደ ክራር ክር ከጮኸች ደህና ናት። ጠሽ ብላ መሐሏ ላይ ከተበጠሰች በጉ በዚያ ሰሞን ታሞ ወይም ተርቦ ነበር ማለት ነው፤ የዚያ በግ ፀጉር ሁሉ እዚያው ቦታ ላይ ይበጠሳል። ከክረምት ረኃብ የወጣ በግ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

ሹራብ እንዳትመኝ ደግሞ። የሰውን ቆዳ መቆርቆር የሚጀምረው ከ30 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) በላይ የሚወፍር ፀጉር ነው። የሜሪኖ በግ ከ24 በታች ስለሆነ ነው በገላ የሚለበሰው። የእኛ በጎች ድብልቅ ናቸው፤ ከላይ ለሚደረብ፣ ለሚነጠፍ፣ ለብርድ ልብስ ይሁንልህ።

ባለዋሸራ | ኅዳር 13

እሺ፣ ሁላችሁም ባለሙያ ናችሁ። አሁን ሒሳቡን ሥሩልኝ። አንድ በግ ግማሽ ኪሎ ይሰጣል እንበል። ታጥቦ ሲሦው ይሄዳል። ለአንድ ብርድ ልብስ ሦስት ኪሎ የተፈተለ ይፈልጋል። ሰውየው ዘጠኝ በግ ሸልቶ፣ አጥቦ፣ ፈትሎ፣ ለሸማኔ ከፍሎ አንድ ብርድ ልብስ ያገኛል። በዚያው ጊዜ ሁለት ሙክት ቢያደልብ የብርድ ልብሱን ስንት እጥፍ ያገኝ ነበር?

እንዝርት_በእጄ | ኅዳር 13

ልጄ ባለዋሸራ፣ ሙክት የምታደልበው ማታ ማታ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠህ ነው እንዴ? የሚፈተለው ሌላ ሥራ በማይሠራበት ሰዓት ነው። ወሬም አይከለክልም።

ባለዋሸራ | ኅዳር 13

እትዬ፣ ለዚህ መልስ የለኝም።

የደንበጫ_ሸማኔ | ኅዳር 15

ዘግይቼ ነው ያየሁት። ከልጅነቴ ጀምሮ ጥጥ እሸምናለሁ። የበግ ፀጉር የሸመንኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ያመጡልኝ ከላይ ከደጋ የወረዱ ሽማግሌዎች ነበሩ። ከደረሰብኝ ልንገርህ። የመጀመሪያውን ድሩንም (በቁመት የሚወጠረውን) ማጉንም (በአግድም የሚገባውን) ፀጉር አደረግሁት። ድሩ እርስ በርሱ እየተያያዘ፣ መወርወሪያው በተሻገረ ቁጥር እየተበጠሰ፣ አንድ ክንድ ለመሥራት አንድ ቀን ፈጀብኝ። ሁለተኛውን ድሩን ወፍራም የጥጥ ፈትል፣ ማጉን ፀጉር አደረግሁት፤ በደስታ ተሠራ። ጉድለቱ ሲታጠብ ነው። ፀጉሩ ይሰበሰባል፣ ጥጡ እንደነበረ ይቀራል፤ ጨርቁ ይኮማተራል። እንግዲህ እንደዚያ ከሆነ በሙቅ ውኃ አታጥበውም።

ሙሉውን ፀጉር ካልክ ለድር የምታመጣልኝን ፈትል ሁለት ሁለቱን አድርገህ በተፈተለበት ተቃራኒ ግመደው። ከዚያ አርጥበህ፣ ከጫፉ ድንጋይ አንጠልጥለህ አድርቀው፤ ክረቱ ይረጋጋል። ለማግ የሚሆነው ነጠላ ይሁን፣ ወፈር ይበል።

ሌላም ነገር አለ። ወንድ እንዝርት ሲይዝ የሚስቅብህ ይኖራል። ይሳቅ። እኛም ሸማ ስለሠራን ስንት ስም ወጥቶልናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ ዐዋጅ አስነግረው ነበር፤ ስድቡ ከዐዋጁ ዕድሜው ረዘመ። ጋቢውን ግን ሁሉም ይለብሰዋል።

ሲናን_ደጋ | ታኅሣሥ 6

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ወር ጠፋሁ፤ አጨዳና ውቂያ ላይ ነበርኩ።

መንዜው እንዳለው አደረግሁ። ዐሥራ አንዱንም አንድ በአንድ ይዤ ትከሻ፣ ጎን፣ ጭን ከፍቼ አየሁ። ልጄ ደብተር ይዞ ጻፈልኝ። ሦስቱ የባለዋሸራን ቃል እውነት አደረጉት፤ የሚቆረጥ ነገር የላቸውም። አራቱ ገለባው የበዛባቸው ናቸው። የቀሩት አራቱ፣ ሁለት ነጭ፣ አንዲት ዳልቻና አንድ ገብስማ፣ ጥሩ ፀጉር አላቸው። አስቂኙ ነገር ከእነዚህ አንዷን ለገና ልሸጣት አስቤ ነበር፤ ቁመቷ አጭር ስለሆነ ነው። ፀጉሯ ከሁሉ ይበልጣል። በእርሷ ፈንታ ቁመተ ሎጋው ሊሄድ ነው።

ጆንያ የለበሰችው በግ ድናለች። አሁን ከቤት አልወጣም ማለት ጀምራለች።

ከአሮጌ አጎዛ ቆርጬ እየተለማመድኩ ነው። እትዬ፣ እጅ ማራራቁ እውነት ነው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጥጥ የፈተለች ሴት ናት፤ እርሷም እንደ እኔ ተቸግራ ስለነበር የጻፉትን አነበብኩላት። ሞከረችና ሳበላት። አሁን እንዝርቱን አትመልስልኝም።

ፈረሰኛው | ታኅሣሥ 8

ከእንጅባራ ነኝ። ያ ድንጋይ የሆነው ፀጉር አሁንም አለ? በር ለማስደገፍ አታውለው። ከኮርቻ ሥር ከግላሱ ጋር አድርገው። የበግ ፀጉር ከክብደቱ ሲሦ የሚጠጋ እርጥበት ጠጥቶ እርጥብ አይመስልም፤ የፈረሱን ላብ ይመጥለታል፣ ጀርባውም አይላጥም። ለጥር 23 የጊዮርጊስ ዕለት ፈረሶቻችንን ስናወጣ ከሥር የምናደርገው ነገር ሁልጊዜ ያጣላናል። የምትሸጠው ከሆነ ዋጋ ንገረኝ።

ሲናን_ደጋ | ታኅሣሥ 8

አልሸጥም፣ እሰጥሃለሁ። ልኩ አንድ ክንድ ተኩል በአንድ ክንድ ነው፤ አንዱ ጥግ ላይ እናቴ በቢላዋ የሞከረችው ቦታ አለ። በመናኸሪያ በኩል እልክልሃለሁ።

ፈረሰኛው | ጥር 25

ለወደፊቱ ለሚያነቡት፦ ሠርቷል። ፈረሱ ቀኑን ሙሉ ሮጦ ጀርባው አልተነካም። ሌላ ቢበላሽብህ ለእኔ አድርገው።

ሲናን_ደጋ | መጋቢት 18

ሸለትን። መጋቢት 7 ቀን፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ አራቱን በግ። ሐኪሙ እንዳሉት ማታውን መኖ ከልክለን አሳደርናቸው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኹ አድረው ጎረቤት አላስተኙም። አንዱን እኔ ይዤ ወንድሜ ቆረጠ፣ ሌላውን ወንድሜ ይዞ እኔ ቆረጥኩ። ገብስማውን ብብቱ ሥር ቆረጥኩት፤ አዮዲኑ አጠገቤ ነበር። «በሸላቾቹ ፊት ዝም እንደሚል በግ» የሚለውን ቃል በየዓመቱ በሰሙነ ሕማማት እሰማለሁ። እውነት ነው፤ ጎኑ ላይ ከተኛ በኋላ ትንፍሽ አይልም። የታገለን ተይዞ እስኪተኛ ድረስ ነው።

ሚዛኑ ይህ ነው። አራቱም በጎች 2 ኪሎ ከ700 ግራም ሰጡ። የቆሸሸውን ለቅመን ስናወጣ 2 ኪሎ ከ100 ቀረ። ታጥቦ ሲደርቅ አንድ ኪሎ ተኩል። ከዳልቻዋ ብቻ 400 ግራም ንጹሕ አገኘሁ። ባለዋሸራ፣ ግምትህ ልክ ነበር፤ አልከራከርም። ለብርድ ልብስ ሌላ ዓመት መጠበቅ አለብኝ።

የታጠበውን በእጅ ፈታትነን፣ ከዚያ በደጋን ነደፍነው። ጥጥ የሚነድፍ ሰው መንደራችን ውስጥ ነበርና ደጋኑን ተዋስን። ባዘቶው እንደ ደመና ሆነ። ሲፈተል ግን ቆረቆረን፣ ደረቀ፤ ስቡ ጨርሶ ወጥቶ ኖሯል። እናቴ ቅቤ ቀቡት አለች። ቀባን። ለሁለት ቀን በደንብ ተፈተለ። በሦስተኛው ቀን ቤቱ ሁሉ ሸተተ፤ የጎረቤት ውሻ ልቃቂቱን ይዞ ሊሄድ በር ላይ ደረስኩበት። በጾም ቤቴ ቅቤ ቅቤ መሽተቱ ደግሞ ለሰው ለማስረዳት የሚያስቸግር ሆነ።

እስካሁን ሦስት ልቃቂት ጨርሰናል፤ ሁለቱ የእናቴ ናቸው። የእኔው አንዱ ቦታ እንደ ክር ቀጭን፣ ሌላው ቦታ እንደ ጣት ወፍራም ነው። ይህን ግጥም እየፈተልኩ ነው ያወጣሁት፦

እንዝርቴ ዞረ እኔም ዞርኩኝ አብሬ፣
አንዲት ልቃቂት ሠራሁ ስንት ጊዜ ተማርሬ።

እንዝርት_በእጄ | መጋቢት 18

ቅቤ ይበላሻል፤ ይህን ሳልነግርህ በመቅረቴ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከኑግ ዘይት ጥቂት ጠብታ ለብ ባለ ውኃ በጥብጠህ በጣትህ እርጭበትና ሸፍነህ አሳድረው። ሲያልቅ በሳሙና ይለቃል። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን ሲታጠብ ስቡን ሙሉ በሙሉ አለማውጣት ነው፤ በሚቀጥለው ሳሙናውን ቀንስ።

ግጥሙ ከፈትልህ ይሻላል።

የደንበጫ_ሸማኔ | መጋቢት 19

የእናትህን ሁለት ልቃቂት ለድር አስቀምጥ። የአንተ ወፍራም ቀጭኑ ማግ ይሆናል፤ ማግ ይሸከመዋል፣ እንዲያውም ያምርበታል። አንድ ኪሎ ተኩል ለብርድ ልብስ ባይበቃ ለትከሻ ልብስ ይበቃል። ከፋሲካ በኋላ ይዘኸው ውረድ።

ሲናን_ደጋ | መጋቢት 29

ጋሼ፣ እመጣለሁ። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ላማክራችሁ። ጎረቤቴ አንድ ጥቁር ጠቦት አለው፤ ጥቁር ስላችሁ ጥቁር። ፀጉሩን ከፍቼ አየሁት፣ ትከሻውና ጭኑ አንድ ዓይነት ነው፣ ገለባ የለበትም፣ ጆሮዬ ላይ ስወጥረው እንደ ክራር ጮኸ። የአያቴ ሣጥን ውስጥ ያለው በርኖስ ከዚህ ዓይነት በግ ነው የተሠራው ብል አልሳሳትም። ለፋሲካ ሊሸጠው ነው። ሳይሸጥ ልሸልተውና ለፀጉሩ ልክፈልህ አልኩት። ምን አለኝ? «የተሸለተ በግ ማን ይገዛኛል? ከስቷል፣ ታሟል ይሉኛል።» እውነቱን ነው። የእኔዎቹ ከተሸለቱ ወዲህ አጥንታቸው ተቆጥሯል፤ ያየ ሁሉ ምን ነካቸው ይለኛል።

ባለዋሸራ | መጋቢት 29

ከሚገዛው ሰው ቆዳውን ግዛ። በዓሉ ሲያልፍ ለቆዳ ብዙ የሚከፍል የለም።

መንዜ_ነኝ | መጋቢት 29

ቆዳውን ከገዛህ አንድ ጊዜ ትሸልተዋለህ። ጠቦቱን ከገዛህ በየዓመቱ ትሸልተዋለህ፤ አውራ ካደረግኸው ደግሞ ግልገሎቹንም። ባለዋሸራ ሒሳብ ይወዳል፤ ይህንንም ይሥራው።

ሲናን_ደጋ | ሚያዝያ 1

ገዛሁት። በበዓል ዋዜማ ዋጋ። አሁን ተመልሰው ዐሥራ አንድ ሆኑ፤ ባለቤቴ የምትለውን አሁንም አልጽፈውም። ጎረቤቴ ገንዘቡን ቆጥሮ ከኪሱ ከከተተ በኋላ «ለፀጉሩ ነው?» ብሎ ደግሞ ጠየቀኝ።

እትዬ፣ ጥቁር ፀጉር ሲታጠብ ቀለሙ ይለቃል?

እንዝርት_በእጄ | ሚያዝያ 1

አይለቅም፣ የተፈጥሮው ነው። ፀሐይ የመታው ጫፉ ግን ወደ ቀይ ይሄዳል። ፈትለህ ስታየው ቡናማ ቢመስልህ እንዳትደነግጥ። ነጩን ባጠብክበት ውኃ ውስጥ ደግሞ አታግባው፤ ነጫጭ ዘለላ ይለጠፍበትና ለመልቀም ስትል ፋሲካው ያልፍብሃል።